የድሮ ወታደራዊ መኪና ስታድሱ የትኛውን አረንጓዴ ትቀባላችሁ?

ቀለም ቤት ገብታችሁ «የወታደር አረንጓዴ ስጠኝ» ካላችሁ አንድ አረንጓዴ ቀለም ይሰጣችኋል። የየትኛው አገር ወታደር? የየትኛው ዘመን? ማንም አይጠይቃችሁም። ሞተሩ ላይ ወራት የሚፈጁ፣ ለአንዲት ኦሪጅናል ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄዱ ሰዎች የቀለሙን ነገር በአንድ ከሰዓት ጨርሰው ሲወጡ ሳይ ያንገበግበኛል። መኪናውን የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቀለሙን ነው እኮ።

የወታደር አረንጓዴ የሚባል አንድ ቀለም የለም። ብዙ ናቸው። የእናንተ መኪና ደግሞ የራሱን ቀለም የሆነ ቦታ ደብቆ ይዞታል። ጥያቄው እሱን ፈልጎ ማግኘትና ጎንደር ላይ ሆኖ በምን መንገድ መመለስ እንደሚሻል ነው። አማራጮቹን አንድ በአንድ አነጻጽራለሁ፤ የምመርጠውንም በግልጽ እናገራለሁ።

መኪናው የማን ነበር?

የመኪኖቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። መኪናው ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳም የሚቆጥረው በዚያው ስለሆነ ለማመሳከር ይመቻችኋል።

ጎንደር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የብዙ አገር ወታደራዊ መኪና አይታለች። ጣሊያን የመጨረሻ ምሽጉን ይዞ እስከ 1941 ኅዳር ወር የቆየው እዚሁ ነው፤ ጄኔራል ናሲ እጅ የሰጠውም እዚሁ። እንግሊዝ መጣ። ከ1953ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የአሜሪካ ዕቃ ታጠቀ። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ የሶቪየቱ በገፍ ገባ። ሁሉም የየራሱን አረንጓዴ ይዞ ነው የመጣው።

የጣሊያን መኪና ካጋጠማችሁ ቀለሙ ግሪጆ ቬርዴ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወደ ግራጫ ያዘነበለ አረንጓዴ። ከሌሎቹ ጋር አታምታቱት።

ዊሊስ ጂፕ ከሆነ ነገሩ ሰፋ ይላል። ዊሊስና ፎርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ዓይነት ጂፕ ከ600,000 በላይ ሠርተዋል። የማንኛቸው እንደሆነ ለማወቅ ከራዲያተሩ በታች፣ የሻንሲውን (መኪናውን ከሥር የተሸከመውን አጽም) ሁለት ጎን ፊት ለፊት የሚያገናኘውን አግዳሚ ብረት እዩ። ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው። የተገለበጠ ዩ ቅርጽ ካለው ፎርድ ነው። የሁለቱም ቀለም ኦሊቭ ድራብ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ቁጥር 9 ተብሎ የሚታወቀው፣ ምንም የማያብረቀርቅ። ከአውሮፕላን ሲታይ ብልጭ እንዳይል ነበር እንዲያ የተቀባው። ሰው አረንጓዴ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ሣር አጠገብ ስታቆሙት ግን ቡናማ ይመስላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከ1956 በኋላ አሜሪካኖቹ ቀለማቸውን በአምስት አኃዝ መጥራት ጀመሩ። 24087 የሚል ቁጥር ካያችሁ ትርጉሙ ቀላል ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ ማብረቅረቁ ይናገራል፤ 1 ከሆነ ያብረቀርቃል፣ 2 ከሆነ መካከለኛ ነው፣ 3 ከሆነ ማት ነው፣ ምንም አያብረቀርቅም። ሁለተኛው አኃዝ 4 መሆኑ አረንጓዴ መደብ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 14087፣ 24087 እና 34087 ሦስቱም ኦሊቭ ድራብ ናቸው፤ የሚለዩት በማብረቅረቅ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ጂፖችና የጭነት መኪናዎች ላይ መካከለኛውን የማግኘት ዕድላችሁ ትልቅ ነው።

ላንድሮቨር ሌላ ዓለም ነው። ከ1948 ጀምሮ የተሠራው ይህ መኪና በብዛት የሚታወቅበት ቀለም ዲፕ ብሮንዝ ግሪን ነው፤ በእንግሊዝ የቀለም መመዘኛ ቁጥሩ 224። ጥቁር ነው እስኪባል የጠቆረ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው። በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ ቁጥር 285፣ ናቶ ግሪን ወደሚባለው ማት ቀለም ሄዷል። የድሮ ላንድሮቨር ይዞ ኦሊቭ ድራብ የሚቀባ ሰው ለእንግሊዙ መኪና የአሜሪካ ልብስ እያለበሰው ነው።

የሶቪየት ሠራሾቹ ዋዝና ኦራል ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካ ቁጥር ፍለጋ አትድከሙ። የሶቪየቱ አረንጓዴ ከኦሊቭ ድራብ ይልቅ አረንጓዴነቱ ይጎላል። ዋዝ 469 ማምረት የተጀመረው በ1972 ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ዓመት እዩና ተነሱ። ከዚያ በላይ የምታምኑት ማስረጃ ራሱ መኪናው ነው።

የፋብሪካው ቀለም ወይስ እዚህ የተቀባው?

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ምርጫ ነው። አንድ መኪና ከፋብሪካ በአንድ ቀለም ይወጣል፣ እዚህ አገር ጦሩ ውስጥ እያገለገለ ሌላ ይቀባል፣ ከዚያ ለሲቪል ተሽጦ ነጭ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። የትኛው ነው «ኦሪጅናል»?

የፋብሪካው ቀለም ጥቅሙ ማመሳከሪያ ያለው መሆኑ ነው። ቁጥር አለ፣ ፎቶ አለ፣ ውጭ አገር ተመሳሳይ መኪና ያለው ሰው ትጠይቃላችሁ። እዚህ ጦር ውስጥ የተቀባው ደግሞ የመኪናው የኢትዮጵያ ታሪክ ነው፤ ግን ቁጥር የለውም፣ ከንብርብሩ ካላገኛችሁት ሌላ ቦታ አታገኙትም። እኔ የምለው፣ የጦሩ ቀለም በደንብ ከታየና በሦስት አራት ቦታ ከተደገመ እሱን መልሱ። መኪናው አዘዞ መንገድ ላይ ያለፈው በዚያ ቀለም ከሆነ ዲትሮይት ውስጥ የነበረውን መመለስ ለእኛ ምን ይነግረናል? አንድ ቦታ ብቻ ከታየ ግን ያ ቁራጭ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ያኔ የፋብሪካውን ያዙ።

ሦስተኛ አማራጭም አለ። ያለው ቀለም ካልተላጠና ዝገቱ ካልበረታ ምንም አለመቀባት። ማጠብ፣ በዘይት ማሸት፣ የዛገውን ብቻ ማከም። ቀለም ሁልጊዜ ሊጨመር ይችላል፤ አንዴ የተፋቀ ግን አይመለስም።

ንብርብሩን ማንበብ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። የሥራው ልብ ይህ ነው።

ፀሐይ፣ ዝናብና እጅ ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጉ። ዳሽቦርዱ ላይ በሚስማር የተመታው የመረጃ ሰሌዳ ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከመቀመጫው በታች፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት። ሰሌዳውን ስትነቅሉ ቀስ በሉ፤ ያችን ትንሽ ብረት ከሰበራችኋት የመኪናውን መታወቂያ ሰበራችሁ።

ከዚያ ሳንቲም የምታህል ቦታ ምረጡ። ቁጥር 320 የብርጭቆ ወረቀት በጣታችሁ ይዛችሁ፣ ውኃ እያስነካችሁ፣ በክብ ፋቁ። መሃሉ ላይ ብረቱ ነጥብ ያህል ብቅ ሲል አቁሙ። በ800፣ ቀጥሎ በ1500 ጠርዙን አለስልሱት። አሁን ጥረጉና አጎንብሳችሁ እዩ። ቀለሞቹ ቀለበት በቀለበት ሆነው ይወጣሉ፦ መሃል ላይ ብረት፣ ዙሪያውን የሸክላ መልክ ያለው አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከሱ ቀጥሎ ቀጭን ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወፈር ያለ ሌላ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ምናልባት ነጭ። አንቲረስቱ ላይ በቀጥታ ያረፈው ቀለም የፋብሪካው ነው። በሁለት ቀለሞች መካከል ቀጭን ጥቁር የቆሻሻ መስመር ካያችሁ፣ ላይኛው የተቀባው መኪናው ብዙ ከሠራ በኋላ ነው። መስመር ከሌለ ደግሞ በቅርብ ተከታትለው የተቀቡ ናቸው፤ ታችኛው ምናልባት ለላይኛው ማረፊያ የተቀባ መደብ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ያደረቀውን የላይ ቀለም አትመኑ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ፀሐይ ላይ የኖረ ቀለም ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ስለዚህ ሰው ኮፈኑን አይቶ «ግራጫ ነበር» ይላል። በፖሊሽ አሹትና እዩት፣ ሥሩ ሌላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጨለማ ውስጥ የኖረ የዘይት ቀለም ወደ ቢጫ ያደላል። የሚነቀል ክዳን ከሆነ ለጥቂት ቀናት መስኮት ዳር ብርሃን ላይ አቆዩት፤ የተወሰነው ቢጫነት ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ መኖሩ የተለመደ ነው። በደረቁ አትፋቁ። ውኃ ይኑር፣ ማስክ ይኑር፣ ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ።

በዓይን፣ በማሽን ወይስ በቁጥር?

ቀለሙን ካወቃችሁ በኋላ የምታገኙበት ሦስት መንገድ አለ።

በቁጥር ማዘዝ፦ ውጭ አገር ለድሮ ወታደራዊ መኪና ብቻ ቀለም የሚሠሩ አሉ። ቁጥሩን ብቻ ትነግሯቸዋላችሁ። ችግሩ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን መላክ አስቸጋሪ ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል፣ መሃል ላይ ካለቀባችሁ ሥራው ይቆማል። በዚያ ላይ ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ቁጥር የሚሸጡት ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ አንድ ላይሆን ይችላል። ዘመድ በመኪና ወይም በመርከብ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ካለ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አስመጡና ለማመሳከሪያ ተጠቀሙባት። ሙሉውን መኪና በእሱ ለመቀባት አትነሱ።

በማሽን ማስነበብ፦ ቀለም አንባቢ ያለው ቀለም ቤት ካገኛችሁ ፈጣን ነው፣ የሚሰጣችሁ ቀመርም በሌላ ጊዜ ይደገማል። ግን ማሽኑ የሚያነበው ያሳያችሁትን ነው። ዱቄት ያወጣ ማት ቀለም ካሳያችሁት ዱቄቱን ያነባል። ጠፍጣፋ፣ የጸዳ፣ በፖሊሽ የታሸ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመሣሪያ ሳጥን ክዳን ለዚህ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የተዘጋጁት ለዛሬ መኪና አብረቅራቂ ቀለም ስለሆነ ውጤቱን እንደ መነሻ ያዙት።

በዓይን መበጥበጥ፦ ጥሩ ቀለም ቀቢ ካላችሁ፣ ጎንደር ላይ የምመርጠው ይህን ነው። ርካሽ ስለሆነ አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለውን እውነተኛ ቁራጭ አጠገቡ አድርጋችሁ እስኪገጥም የምታስተካክሉበት ብቸኛው መንገድ ስለሆነ ነው።

ለኦሊቭ ድራብ ከአረንጓዴ ቀለም አትነሱ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መነሻው የአፈር ቢጫ፣ ኦከር የሚባለው ነው፤ እሱ ላይ ጥቁር ሲገባ ወይራ ዓይነት አረንጓዴ ይወጣል። ከተዘጋጀ አረንጓዴ ከተነሳችሁ የቱንም ያህል ብታጠቁሩት የጠርሙስ አረንጓዴ ይሆንባችኋል። ጥቁሩን በጠብታ ጨምሩ። ጥቁር ቀለም እንደ ጨው ነው፤ ከበዛ መመለሻ የለውም። ቡናማነቱ ካነሰ ቅንጣት የአንቲረስት ቀይ ይበቃዋል። ነጭ በጣም በጥቂቱ፤ ሲበዛ ቀለሙን አመድ ያስመስለዋል። ለላንድሮቨሩ ብሮንዝ ግሪን ግን መነሻው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ እሱ ላይ ጥቁርና ትንሽ ቢጫ።

እርጥቡን ቀለም አይታችሁ አትወስኑ። ቁራጭ ላሜራ ላይ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ አስተያዩ። የምታስተያዩት ደግሞ በኒዮን ወይም በአምፖል ሥር አይሁን። ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ደጅ፣ ጥላ ሥር ሆናችሁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጡትና ድገሙት። አንድ ብርሃን ላይ የገጠሙ ሁለት ቀለሞች ሌላ ብርሃን ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ካለፈ ተገላገላችሁ።

ሲንቴቲክ፣ ናይትሮ ወይስ ሃርድነር ያለው?

ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ጠንካራ ነው። ቤንዚን አይነካውም፣ ቶሎ አይገረጣም። ግን የሃርድነሩ ጢስ ሳንባ ይጎዳል፤ ተራ የጨርቅ ማስክ አይከላከልም፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭንብል ይፈልጋል። ያ በሌለበት ጋራዥ ልጁን ሸሚዙን አፉ ላይ አስሮ እንዲረጭ የምትልኩት ከሆነ ተዉት። በእውነት ተዉት። በዚያ ላይ ሲጫር ጭረቱን ብቻ መቀባት አይቻልም፣ ልጥፉ ይታያል።

ናይትሮ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ለአቧራ ጊዜ አይሰጥም። ሆኖም ቤንዚን ሲፈስበት ይለቃል፤ ቲነሩ ደግሞ ሥር ያለውን አሮጌ ሲንቴቲክ (የዘይት ዘር ቀለም) አንስቶ ያጨማድደዋል።

ሲንቴቲክ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይ ከዓመታት በኋላ ይገረጣል። ግን ለእነዚህ መኪናዎች ተፈጥሮ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ያኔም ብዙዎቹ የተቀቡት በዘይት ዘር ቀለም ነው። ቢጫር በብሩሽ ታድሱታላችሁ። ለቦዲው ሲንቴቲክ፣ ይህ ነው የእኔ ምርጫ። ጭንብሉ ያለው ቀቢ ካገኛችሁ ቸርኬውንና ሻንሲውን ሃርድነር ባለው አድርጉ፤ ጭቃውና ድንጋዩ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሊማሊሞን የምትወጡበት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ስለ ማብረቅረቁ ደግሞ፤ የጦርነቱ ዘመን ጂፕ ማት ነው፣ ላንድሮቨሩ ያብረቀርቃል። እዚህ ላይ ግን ለሚነዳ መኪና ትንሽ እለሳለሳለሁ። ፍጹም ማት ቀለም የእጅ ላብና የዘይት አሻራ ይዞ ይቀራል፣ ቆሻሻውም በቀላሉ አይለቅም። በየቀኑ የሚነዳ ከሆነ መካከለኛውን ምረጡ፤ ለጥምቀትና ለበዓል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ማቱን ድፈሩት። ማት ለማድረግ ማደብዘዣውን ከቀለም ቤት ግዙ። ላምባ ወይም የበዛ ቲነር ጨምሮ ማደብዘዝ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ቀለሙን ያዳክመዋል፣ በሁለት ክረምት ይላጣል።

ከቀለሙ በፊት

ማግኔት ይዛችሁ መኪናውን ዙሩ። ላንድሮቨር ላይ አብዛኛው ቦዲ ማግኔት አይዝም፤ አሉሚኒየም ነው። ቀዩን አንቲረስት አሉሚኒየም ላይ ብትቀቡ በቅርፊት ይነሳል፤ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ፣ ብረቱን ነክሶ የሚይዝ መደብ ቀለም አለ፣ እሱን ጠይቁ። ብረቱና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበት ስፌት ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ፈትታችሁ አጽዱ፤ ከላይ መቀባት ምንም አያድንም።

ዝገት ለማንሳት በአሸዋ ማስረጨት ለሻንሲና ለቸርኬ ግሩም ነው። ኮፈንና ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ) ላይ ግን ላሜራው ይወላገዳል፤ ለእነሱ የሽቦ ብሩሽና ትዕግሥት። ስቱኮም (የቦዲ መሙያው ሊጥ) በስሱ። የጎደጎደውን ባትላሜራ ሠራተኛ በመዶሻ ያውጣው፤ ስቱኮ ጭረት ይሸፍን እንጂ ጉድጓድ አይሙላ።

ጊዜውንም ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ሲንቴቲክ አይታሰብም፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ኮምፕሬሰሩም ውኃ ይተፋል። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው፤ ጤዛው እስኪነሳ ጠብቁና ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ የተጀመረው ፓራፋንጎ በብሩሽ አይቀጠልም፤ ደርቆ እንደገና ይፋቅ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ጀምሩ።

ሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ተጽፏል። ነጩን ወደ አረንጓዴ ከመመለሳችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ጊዜ ወታደራዊ ቀለም ያለው የግል መኪና መንገድ ላይ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፣ ወረቀታችሁ ንጹሕ ይሁን። የጦር ሰሌዳ ቁጥርና ምልክት ግን በፍጹም አትጻፉበት።

ለሙሉው መኪና የሚበቃውን ቀለም በአንድ ባልዲ አንድ ላይ በጥብጡ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ሳምንት ካላችሁ በሩና ፓራፋንጎው ይለያያሉ። ከላይ ለጥገና አንድ ሊትር ይትረፋችሁ። ያችን የፋቃችኋትን ሳንቲም የምታህል ቦታ አትቀቧት፤ ሰሌዳውን መልሳችሁ ስትመቱ ሥሩ ትቀመጥ፣ ከእናንተ በኋላ የሚያድሰው ሰው ያገኛታል። ቀመሩን ከነመጠኑ ጻፉና ከደረቀው ላሜራ ናሙና ጋር አስቀምጡት፤ የተረፈው ቆርቆሮ ላይም ጻፉት፣ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ክዳን ስለሚቀያየር።